ባትሪ ቃሏን ስትሰጥ

ባትላሜራው ልጁን የሚመታት በግራ እጁ ነበር። ቀኙ መዶሻ የለመደ ስለሆነ አይታመንም። ይህን እንደ ትልቅ ርኅራኄ ቆጥሮ ለጋራዥ ጓደኞቹ ያወራዋል። «በቀኜ ብነካት እኮ ዛሬ ልጅ የለኝም» ይላል። እነሱም ይስቃሉ። አንድም ሰው «ለምን በግራህስ?» ብሎ አልጠየቀም።

ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አላት፤ ሰፈሩ ግን ባትሪ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ነው። አንድ ቀን ለአባቷ ምሳ ይዛ መጥታ «አ-አ-አ-አ» እያለች በር ላይ ተገትራ ቀረች። «ባትሪዋ ደክሟል ጎበዝ! ገፋ ገፋ አድርጓት!» አለ ሰውዬው። ሁለት ሠራተኞች እውነትም ከኋላዋ መጥተው እንደ ቆመ መኪና ገፏት። የምሳው ሳህን ግሪስ ላይ ተደፋ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው አባቷ ነበር። ቤት ሲገባ ግን አዋረድሽኝ ብሎ መታት።

ሃያ ሁለት ዓመት ላሜራ ሲደበደብ የሰማ ጆሮ ሰው መስማት ይረሳል። ባትላሜራው የሚሰማው ወይ ጩኸት ነው ወይ ምንም። ልጁ ቃል ለማውጣት ስትታገል የምታሰማው ድምፅ የትንኝ ያህል ነው፤ እሱ ዘንድ አይደርስም። እሱ የሚያየው የተከፈተ አፍ፣ የተገተረ አንገትና የፈጠጠ ዓይን ነው። ያንን መልክ ንቀት ይለዋል።

ደግሞ የራሱ ሳይንስ ነበረው። የተጨራመተ ስፖርቴሎ፣ የመኪና በር፣ ሲመጣለት ከፊት ለፊት አይነካውም። በሩ ቀለሙ ባለበት በኩል ከተመታ ይብስበታል። ጨርቁን ፈትቶ፣ እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ጎድጎድ ያለውን ከኋላው ነው የሚቀጠቅጠው። ከኋላ የተመታ ወደ ፊት ይወጣል። ታዲያ ቃል ልጁ ጉሮሮ ውስጥ ተጨራምቶ ከቀረ መመታት ያለበት የት ነው? ማጅራቷ ነዋ! ባትላሜራው በዚህ ነገር አልቀለደም። የእጅ ሥራውን የሚያምን ሰው ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ሲመታት ቃሉ ፈንድቶ ይወጣል። «አየሽ?» ይላል ያን ጊዜ፣ ላቡን እየጠረገ፣ በእውነት ደስ ብሎት። «ነበረ እኮ! ስንፍና ነው የያዘሽ።»

ሰባት ዓመቷ ላይ ከጋራዥ አንድ ዳዶ ይዞ መጣ፤ ብሎን የሚያጠብቀውን፣ ስድስት ማዕዘን ያለውን ብረት። በቤንዚን አጠበው፤ ቀጥሎ በውሃ፤ ቀጥሎ በሳሙና። ንጽሕና ያውቃል። ምላሷ ሥር አደረገላትና «እስከ መቶ ቁጠሪ፣ ምላስሽ ክብደት ይልመድ» አላት። ሠላሳ ስድስት ላይ ተያዘች። «ሠ-ሠ-ሠ» ስትል ምቱ ከኋላዋ መጣ። ጥርሷ ብረቱ ላይ ገጠመ። ታችኛው ጥርሷ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ከደም ጋር መዳፏ ላይ ወደቀ። ግማሹ እስከ ዛሬ አፏ ውስጥ አለ። አባትዬው ዳዶውን ከወለሉ አነሣ፣ በሱሪው ጠረገ፣ ኪሱ ከተተ። የሚሠራ ዕቃ አይጣልም።

እናቲቱ በፔዳል መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። እጇን ልጇ ላይ አንሥታ አታውቅም። የእሷ ዱላ ሌላ ነው። ልጅቷ «ው-ው» ስትል፣ መርፌው ሳይቆም «ውሃ፣ እንኪ የኔ እናት» ትላለች። ልጅቷ ግን ውጭ ልውጣ ልትል ነበር። ማን ይስማት! ጨርሰውላታል። ያልጠማትን ውሃ ጠጥታ ትቀመጣለች። «ነገ» ልትል ስትጀምር «ነጠላ ጫማሽ አልጋው ሥር ነው» ትባላለች። ይህ ፍቅር ነው ይሉኛል። አዎ፣ ፍቅር ነው። የሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ቃሉን ቀምቶ የሚወጣ ፍቅር። አባቷ ከኋላ፣ እናቷ ከፊት፤ ልጅቷ መሃል ላይ የራሷን አንድ ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተናግራ ሳታውቅ አሥር ዓመት ሞላት።

ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። በቃል መመለስ ካልቻለች ክፍሉን አትቀጥልም፤ ክሊኒክ ትሂድና ሕክምና መከታተሏን የሚያሳይ ወረቀት ታምጣ ይላል። ባትላሜራው አነበበና «ምላስ ደግሞ ሐኪም አለው?» አለ። ግን ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይፈራል። እናቲቱ ይዛት ሄደች።

የክሊኒኩ የንግግር አስተማሪ ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነበር። የሚሠራው ድሮ የመድኃኒት መጋዘን በነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ አንድ መስተዋት አለ፤ መስተዋቱን በፎጣ ሸፍኖታል። ልጅቷን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጦ እሱም እንደ እሷው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ጋ እስኪደርስ ተቀመጠ።

«ስምሽ ማነው?»

እናቲቱ መለሰች።

«እናት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እ-እ-እ-እርስዎን አይደለም የ-የጠየቅሁት።»

እናቲቱ ክው አለች። ባትሪ ግን ቀና አለች። ትልቅ ሰው፣ ነጭ ጋወን የለበሰ፣ በኪሱ እስክሪብቶ የሰካ ሰው፣ እንደ እሷ ተያዘ! ተይዞም አንገቱን አልደፋ፣ አላፈረ። ቃሉ እስኪመጣለት እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቀ፤ መጣለት፤ ቀጠለ። እናቲቱን በትሕትና ወደ ውጭ ሸኛትና በሩን ዘጋ።

ያን ቀን ባትላሜራው ወሬውን ሲሰማ ሳቀ። «ዕውር ዕውርን ሊመራ! ተያይዘው ገደል ይግቡልኛ!»

አስተማሪው መጠበቅ ያውቅበታል። ባትሪ ስሟን ለመናገር ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት አታውቅም፤ እሱ ግን አልረዳትም፣ አልጨረሰላትም፣ ሰዓቱንም አላየም። ቃል ሲይዛት ግራ እጇ በራሱ ተነሥቶ ማጅራቷን ይሸፍናል። አስተማሪው አየው።

«እ-እዚያ ጋ ማነው የሚመታሽ?»

ዓይኗን ወደ ተሸፈነው መስተዋት አዞረች። እሱም ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቀም። መጠየቅ ነበረበት! ደግ ሰው ነበር፤ ግን ደግ ሰው ሁሉ ከጎረቤት ጋር ላለመጣላት የሚያስቀምጣት አንዲት ዝምታ አለችው። እሱም በዚያችው ዝምታ ነው የተመታው።

በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ አላት። «ውሻ ሲያባርርሽ ከሮጥሽ ይ-ይነክስሻል። ዞር ብለሽ ከቆምሽ ግራ ይገባዋል። እስከ ዛሬ መንተባተቡ ነው አንቺን የሚ-የሚያባርርሽ። ካሁን በኋላ አንቺ አባርሪው። ሆን ብለሽ ተንተባተቢ። ቀላሉን ቃል ምረጪ፣ ያልያዘሽን፤ ሰውየውን ዓይኑን እያየሽ አንተባትቢው። መቼ እንደምትጀምሪና መቼ እንደምታቆሚ የምታዢው አንቺ ነሽ።»

ባትሪ ያበደ መሰላት። ይዟት ወጣና የክሊኒኩን ዘበኛ «ሰ-ሰ-ሰ-ሰ-ሰ-ሰዓት ስንት ነው?» አለው፣ ራሱ ሰዓት እጁ ላይ አስሮ። ዘበኛው ግራ ተጋብቶ ነገረው። ሰማይ አልተደፋም። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ አትንተባተብም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪውን ጋሼ አለችው።

የቤት ሥራውን በወረቀት ጻፈላት፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ አምስት የተለያዩ ሰዎች ዘንድ፤ በሠራች ቁጥር ምልክት ታደርጋለች። መጀመሪያ ሱቅ ሄደች። «ሳ-ሳ-ሳ-ሳ»

«ሳሙና?» አለች ባለሱቋ።

«ሳ-ሳ-ሳሙና። አንድ» አለች ባትሪ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ባለሱቋ ጨርሳላት ነበር፤ እሷ ግን የተጨረሰላትን ትታ የራሷን ጨረሰች። ከሱቁ ስትወጣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። በሁለተኛው ሳምንት ዳቦ ቤት፣ የክፍል አለቃው ዘንድ፣ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሄደች። ብዙ ትንተባተብ ነበር፤ አሁን ግን ግማሹ የራሷ ነው። በክፍል ውስጥ እጇን ያወጣችው በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚያ ጋራዥ ሄደች። ማንም አላዘዛትም። አምስተኛው ምልክት ቀርቷት ነበርና ከባዱን ራሷ መረጠች።

አባቷ አንድ የተቀጠቀጠ ፓራፋንጎ ጎማው ላይ ካለበት ነቅሎ መሬት ላይ አጋድሞ፣ የእንጨት መዶሻውን በቀኙ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ሠራተኞቹ ሁሉ አሉ። ምሳውን በርሜል ላይ አስቀመጠች፤ አባቷ ፊት ቆመች፤ ዓይኑን አየችው።

«አ-አ-አ-አ-አ-አባዬ። ምሳ።»

ልታቆም ባሰበችበት ላይ አቆመች። ደስ አላት። ፈገግ አለች። ወዮ ለዚያች ፈገግታ!

«አለቃ!» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ባትሪዋን ቻርጅ ያደርግላታል ብለህ አልነበር የላክሃት? ሰውዬው ጭራሽ አቃጠለው እኮ!»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ባትላሜራው ከደረት ኪሷ ብቅ ያለውን ወረቀት አየ፤ መዘዘው፤ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበ። «በቀን አምስት ጊዜ ሆን ብለሽ ተንተባተቢ።» ከሥሩ የልጁ ምልክቶች ተደርድረዋል።

«ሆን ብለሽ?» አለ።

ሳቁ ቆመ። እንደገና ሲፈነዳ ግን የባሰ ሆነ። «እሳት አመድ ወለደ ሲሉ፣ አመዱን ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ!» አለ አንዱ። ይህች ቀልድ አንድ ሰው ልትገድል ምንም አልቀራትም ነበር። ቀልደኛው ዛሬም በሰላም ይሠራል።

ባትላሜራው በግራ እጁ የልጁን ክንድ ጨብጦ ወጣ። መዶሻውን አላስቀመጠም። ሆን ብሎ ይሁን ረስቶት እንጃ፤ በኋላ ፍርድ ቤትም በዚህ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል። እኔ የማውቀው ግራው በልጅቷ ተይዞ ስለነበር ነጻ የቀረው ቀኙ መሆኑን ነው።

አስተማሪው ብቻውን ነበር። በሩ በርግጫ ሲከፈት ከዝቅተኛው ወንበር ላይ ብድግ ሊል ሞከረ፤ ጉልበቱ ታጥፎ ነበርና ዘገየ።

«ይሄ ምንድነው?» ወረቀቱን ፊቱ ላይ ወረወረበት። «ልጄን አሽሙር ታስተምራለህ? ቤቴን መሳቂያ ታደርጋለህ አንተ ሰውዬ?»

«የ-የ-የ-የ-» አለ አስተማሪው። ይሄኛው ሆን ተብሎ አልነበረም። ፍርሃት ያዘውና ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቆመ። እንዳስተማረው ግን ዓይኑን አልነቀለም፤ ባትላሜራውን ዓይን ዓይኑን እያየ ቃሉን ጠበቀ።

«አሁንም ታሾፋለህ!»

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። እንጨት አጥንት ሲሰብር የሚያሰማውን ድምፅ ባትሪ የምታውቀው መሰላት፤ የደረቀ ስቱኮ ከላሜራ ላይ ሲራገፍ እንደዚያ ነው የሚለው። ሁለተኛው ክንዱ ላይ፤ ራሱን ሊከልል አንሥቶት ነበር። ሦስተኛው ጆሮውን ስቶ ከበላዩ አረፈ። አባቷ መዶሻውን ባነሣና ባሳረፈ ቁጥር በግራው የተያዘችው ልጅ አብራ ትነሣለች፣ አብራ ትወድቃለች፤ ክንዷ ከመገጣጠሚያው ሊወልቅ ደርሷል።

«ተ-ተ-ተ-ተ-»

ተው ማለቷ ነው። ሁለት ፊደል። በአራተኛው ምት «ተ» ላይ ነበረች፤ በአምስተኛውም። መስተዋቱ ከነፎጣው ወርዶ ተሰበረ። ሰውዬው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ ደሙ በወንበሮቹ እግር መሃል ሲሄድ፣ ያን ጊዜ ወጣላት።

«ተው!»

ባትላሜራው ቆመ። እያለከለከ ቁልቁል አያት። «አየሽ?» አላት። «ወጣልሽ።»

ዘበኛው ሰው ጠርቶ ባትላሜራው ተያዘ። ጣቢያ ሲደርስ ግን አእምሮው ተመልሶለት ነበር። «ልጄን ሲደበድባት ደርሼ ነው» አለ። «አባት ነኝ። ምን ላድርግ? ማጅራቷን እዩት!» ፖሊሶቹ የልጅቷን ኮሌታ ገልጠው አዩ። አንዱ ሰንበር ወይን ጠጅ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፤ የተለያየ ሳምንት ሥራ ነው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሰፈሩም ወዲያው አመነ። ስንት ዓመት በግድግዳ በኩል ልጅ ስትመታ ሲሰማ የኖረ ጎረቤት «እኛስ ያ ሰው ድሮም ዓይኑ አላማረንም» አለ። ጆሮ ያለው ሁሉ ባትላሜራው ሆነ። ሆስፒታል ራሱን ስቶ በተኛው አስተማሪ አልጋ ጎን ፖሊስ ተቀመጠ። ሲነቃ ሊያስረው።

የቀረው የልጅቷ ቃል ብቻ ነበር።

ጠዋት እናቲቱ ፀጉሯን እየሠራችላት መከረቻት። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «ስሚ የኔ እናት። አባትሽ ከታሰረ እኔና አንቺ የት እንወድቃለን? በመርፌ ብቻ የቤት ኪራይ ይከፈላል? አንቺ ምንም አትናገሪ፣ አትጨነቂ። መርማሪው ሲጠይቅሽ ራስሽን ነቅነቅ ማድረግ ነው። እኔ እናገርልሻለሁ። መቼ ጥዬሽ አውቃለሁ?»

የመርማሪው ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ስልክ አለ። መርማሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሌላ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳሉት እያሳወቀ ተቀመጠ።

«እሺ ሚሚዬ። አንገትሽን እንዲህ ያደረገው ማነው?»

«ያ አስተማሪ ተብዬው ነው ጌታዬ» አለች እናቲቱ። «ልጄ አፏ አይታዘዝላትም። እኔ ነኝ አፏ።»

መርማሪው ጻፈ። «እውነት ነው ሚሚዬ? ራስሽን ነቅንቂ፣ ይበቃል።»

መነቅነቅ ቀላል ነበር። አገጭን አንድ ጊዜ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ቤት፣ ምሳ፣ እናት። ባትሪ አንገቷን አልነቀነቀችም። እጇ ወደ ማጅራቷ መሄድ ጀመረ፤ መንገድ ላይ መለሰችው። አፏን ከፈተች።

«እ-እ-እ-»

«እሱ ነው ማለቷ ነው።»

«እ-እ-እኔ-»

«እኔን መታኝ እያለች ነው ጌታዬ፤ ልጄን አታስጨንቁብኝ!»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ይሮጣል። ባትሪ የሚጻፈውን አየች። የእሷ ስም ከላይ አለ፤ ከሥሩ የእናቷ ቃል። አሥር ዓመት ያልጠማትን ውሃ ጠጥታለች፤ ይህን ግን ብትጠጣው ሰው ይሞትበታል።

ዞረች፤ መዳፏን አንሥታ የእናቷን አፍ ከደነች። እናቲቱ ልትስቅ፣ ልትገፋት፣ ልትናገር ሞከረች። ልጅቷ በሁለተኛው እጇም ደገመችና በሙሉ ክብደቷ ተጫነች። የእናቲቱ ጭንቅላት ከግድግዳው ተላተመ፣ ከንፈሯ በጥርሷ ተቀደደ፣ ደም በልጅቷ ጣቶች መሃል ወጣ። ልጅ እናቷን አደማች። የሚፈርድ ይፍረድ፤ እኔ አልፈርድም። ሌላ ምን መንገድ ተውንላት?

የእናቷን አፍ እንደያዘች ፊቷን ወደ መርማሪው መለሰች። ቀላሉን ቃል መረጠች፣ ያልያዛትን፤ ሆን ብላ አንተባተበችው፤ ዓይኑን እያየች። ከባዱ ተከትሎ መጣ።

«ጋ-ጋ-ጋ-ጋሼ አ-አልመታኝም። ነ-ነክቶኝም አያውቅም። የ-የመታኝ አ-አ-አ-አ-»

እዚህ ላይ ቆመ። እውነተኛው መያዝ ነው፤ ደረቷ ላይ እንደ ተቆለፈ በር። መርማሪው እስክሪብቶውን አንሥቶ ጠበቃት፤ መነጽሩንም ወደ ዓይኑ አወረደው።

«አ-አባቴ ነው። ጋ-ጋሼንም እሱ ነው። በ-በመዶሻ። አ-አይቻለሁ።»

እጆቿን ከእናቷ አፍ አነሣች። የመጀመሪያው ጥፊ ያኔ መጣ። እናቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መታቻት፣ በዚያው መርማሪ ፊት፣ ደጋግማ። «ጡት ነካሽ! ጡት ነካሽ! አባትሽን በላሽው! ቤቴ እንዳላይሽ!» መርማሪው ጠረጴዛውን ዞሮ እስኪደርስ አራት ጊዜ መታቻት። ከዚያ ነጠላዋን ከወለሉ አንሥታ፣ ከንፈሯን ይዛ፣ ወጣች። ወደ ኋላ አላየችም።

መርማሪው የጻፈውን ሰረዘና አዲስ ወረቀት አወጣ። ሥራው አንድ ሰዓት ፈጀ። ሊረዳት እየፈለገ ሁለት ጊዜ ጨረሰላት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረችበት። በሦስተኛው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እጁን አጣጠፈ። ጥርሷንም አሳየችው።

«ማደሪያ አለሽ?» አላት በመጨረሻ።

አሰበች። ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ የለኝም።

አግዳሚው ላይ አስቀመጣትና ስልኩን አነሣ። የሕጻናት ማቆያ ይመስላል የደወለው። «አንዲት ልጅ አለችኝ» አለ። «አሥር ዓመቷ ነው። አባት እስር ላይ ነው፣ እናት ጥላት ሄዳለች። አዎ። አይ፣ የመናገር ችግር አለባት፤ ዲዳ ናት ማለት ይቻላል።»

ባትሪ ከአግዳሚው ወረደች። ጠረጴዛው ፊት መጥታ ቆመች። ጉንጯ ላይ የእናቷ ጣቶች ቀልተው ይታያሉ።

«ዲ-ዲ-ዲ-ዲ-»

«ሃሎ? ሃሎ?» ይላል ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው።

መርማሪው ስልኩን ከጆሮው አራቀ።